አንሳ እና አውርድ

በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ፤ አዋሽ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በተከራየኋት የሞባይል ጥገና ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁለተኛ የስምሪት ሠራተኛዋ፤ ሰመራ፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ላፕቶፕዋ ፊት ተቀምጣ። ሦስተኛ መካኒኩ፤ እሱም ሰመራ፣ ከቢሮው ጀርባ ካለው ጋራዥ። አራተኛ የቢሮው ዘበኛ፤ የአፋር ሰው ነው፣ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል። አምስተኛ ታላቅ ወንድሜ፤ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው፣ በዚያ ቀን የት እንደነበረ ለረጅም ሰዓት ማናችንም አላወቅንም። እናታችንን ከቆጠርን ስድስት እንሆናለን። እሷ ደውላ ነበር፤ በምን መሀል እንደደወለች ግን እስካሁን አታውቅም።

ወሬ በሰዎቹ መጀመር እንዳለበት ያስተማረኝ ዘበኛው ነው። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ምንም ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ተናጋሪው ማን እንደነበረ ይናገራል፣ በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ጋር አይቀላቅልም፣ የሚያዳምጠውም የሚያውቀው ካለ ይጨምርበታል። ሰመራ በሄድኩ ቁጥር ዘበኛው በሩ ላይ ያስቆመኝና ከአዋሽ ከተነሳሁ ጀምሮ ያየሁትን ያስነግረኛል። ብዙ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ መጀመሪያ ያስጨንቀኝ ነበር። «አንተ ገዋኔን አለፍኩ ትላለህ። ገዋኔ ላይ ሰው አልነበረም?» ይለኛል። እዚህም እንደ እሱ ለመናገር እሞክራለሁ።

ሥራችን ይህ ነው። በሙቀቱ ወራት ጉድጓዶቹ ሲደርቁ፣ ቦቴዎች ከሰመራ ውሃ ጭነው ከአስፋልት ርቀው ወዳሉ መንደሮች ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቦቴ ጋቢና ውስጥ አንድ አሮጌ ስልክ በብሎን ታስሯል። ስልኩ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር መኪናው ያለበትን ቦታ ሰመራ ቢሮ ላለች ትንሽ ኮምፒዩተር ይልካል፤ እሷን ነው ሰርቨር የምንላት። የስምሪት ሠራተኛዋ ነጥቦቹን ላፕቶፕዋ ላይ ባለው ካርታ ታያለች። አንድ ቦቴ በሰዓቱ ካልተመለሰ ፒካፑ ወደ መጨረሻው ነጥብ ይሄዳል። ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስት ይሆናል፣ የጎማውን ዱካ ደግሞ ነፋስ ያጠፋዋል። የመጨረሻው ነጥብ ከሌለ በየትኛው በኩል እንደሚፈልጉ የሚነግራቸው ነገር የለም።

ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ስልክ እየጠገንኩ፣ ባገኘሁት ጊዜ እያነበብኩ፣ እያበላሸሁ እንደገና እየሠራሁ ነው። ትንሿ ኮምፒዩተር ብዙ ጫና ስለማትችል ፕሮግራሙን በኮንቴነር አደረግኩት። ኮንቴነር የምለው የብረቱን አይደለም። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ የታሸገ ቀላል ሳጥን እንደማለት ነው፤ አዋሽ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ከሠራ ሰመራም ይሠራል። ሲያረጅ ታጠፋውና ወዲያው በአዲስ ትተካዋለህ። ነገር ግን ሳጥኑ ሲጠፋ ውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ሲባል መረጃው ከሳጥኑ ውጭ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ዲስኩ ገና አልተገዛም ነበር። በወሩ መጨረሻ ይዤ እንድሄድ ተስማምተናል።

ከአዋሽ ሰመራ መንገዱ ቀኑን ይፈጃል። መብራት በጠፋ ቁጥር መሄድ ስለማልችል፣ የስምሪት ሠራተኛዋ ራሷ እንድትሠራው ላፕቶፕዋ ላይ ሁለት ቁልፎች አስቀመጥኩላት። በእንግሊዝኛው ኮንቴነር ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል ይባላል። ለእሷ ግን ስሙ በአማርኛ እንዲሆን ፈለግኩና ብዙ አሰብኩበት። አንዱን «አንሳ»፣ ሌላውን «አውርድ» አልኩት። ለእኔ «አንሳ» ማለት የወደቀውን አቁመህ ወደ ሥራው መልሰው ነው። «አውርድ» ማለት ከሥራ አውጥተህ አጥፋው ነው። ቃላቱ አጫጭርና ግልጽ ስለመሰሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ ግን ወደዚህ ቢሮ ከመምጣቷ በፊት ለዓመታት የሠራችው ከጅቡቲ የሚመጡ ኮንቴነሮች በሚራገፉበት ግቢ ውስጥ ነው።

የደወለችልኝ ከምሳ በኋላ ነው። የወሎ ሰው ናት፣ ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ሁልጊዜ ስትደውል ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለማላገባበት ምክንያት ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ያን ቀን ከሰላምታ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። መፍራት የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

«ወንድምዬ፣ ካርታው ቆሟል» አለችኝ።

«ቆሟል ማለት?»

«ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ነጥቦቹ ባሉበት ተተክለው ቀሩ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምህ አልተመለሰም። ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ መሆን ነበረበት።»

«ከረዳቱ ጋር አይደለም?»

«ረዳቱን ወባ ይዞታል። ብቻውን ነው የወጣው። አትሂድ ብዬው ነበር፤ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ ብሎኝ ሄደ።»

ባለፈው ዓመት ገዋኔ ላይ ወንድሜን ሙቀት መትቶት ወድቆ አይቼዋለሁ። ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ፣ እኔን ግን አላወቁኝም። ላብ አልነበረውም፤ ቆዳው ደረቅና የሚፋጅ ነበር። ያን ዕለት ጥላ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ የሚያነሱት ሰዎች ነበሩ። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ቶሎ መድረስ ያስፈልጋል ብሎናል። አሁን ደግሞ ውሃውን አራግፎ በባዶ ቦቴ እየተመለሰ ብቻውን ነው ማለት ነው።

ያም ሆኖ መፍትሔ ነበረኝ። ሰርቨሯ መብራት ሲሄድ ጠፍታ ተነስታለች፣ ኮንቴነሩ ግን ከእሷ ጋር አልተነሳም። እንደቆመ ነው፣ ነጥቦቹም ውስጡ ናቸው። ማስጀመር ብቻ ነው።

«ቀላል ነው፣ እታለም። ኮንቴነሩ ወድቆ ነው። ወደ ቦታው መልሺው» አልኳት።

«እሺ። ቢስሚላህ።» የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል።»

«አዎ በይው።»

«ብያለሁ። በቃ፣ አውርጄዋለሁ።»

ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ስነሳ አልታወቀኝም።

«ምን አልሽ?»

«አውርጄዋለሁ። ቦታው ላይ ነው አሁን።»

«አንሺው ነበር እኮ የሚባለው።»

«አንሺው?» አለችኝ፤ ከልቧ ገርሟት። «ማንሳትማ መውሰድ ነው። ክሬን መጥቶ ካነሳው ግቢው ባዶ ቀረ ማለት ነው። ቦታው መልሺው ካልከኝ አወርደዋለሁ። ከመኪናው ወርዶ መሬት ሲይዝ አይደል እንዴ ተከፍቶ ሥራ የሚጀመረው?»

ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። እኔ የምኖርበት ከተማ በር ላይ በየቀኑ ኮንቴነር የጫኑ ተሳቢዎች ይቆማሉ። አንድም ሾፌር «ኮንቴነሬ ተነሳ» ሲል ሥራ ጀመረ ማለቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለቱን ቃላት ከእሷ ዓለም ወስጄ ገልብጬ መልሼ ሰጥቻታለሁ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ። «ወንድምዬ፣ ዝም አትበለኝ። ምን አደረግኩ?»

«ነጥቦቹ ውስጡ ነበሩ» አልኳት። «አብረው ጠፍተዋል።»

«የወንድምህም?»

«የሁሉም።»

«ያ አላህ» አለች፤ ከስልኩ አርቃ።

ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ስልክ ይዟል። እጄ ቀዘቀዘ፤ በአዋሽ ሙቀት፣ ከሰዓት። ወንድሜን እያሰብኩ እንዳልነበር አስታውሳለሁ። የማስበው የዚያን መንገድ መታጠፊያ ነበር። ከዚህ በፊት ወደ ጭፍራ አቅጣጫ አብሬው ሄጄ፣ አስፋልቱን ስንለቅ መንገዱ ሲከፈል አይቻለሁ። «የቱ ነው?» ስለው «የትናንቱ አሸዋ ከሆነ የዛሬው ይሄኛው ነው» ብሎኝ ነበር። የቱ እንደሆነ ዛሬ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ገጹ ትዝ አለኝ። ካርታው የሚታይበት ገጽ ከሰርቨሯ መልስ ሲያጣ የድሮውን ነጥብ አያጠፋም፤ ባለበት ይተወዋል። ጠዋት ላፕቶፕዋ በባትሪ ስለሠራ ገጹ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተዘጋም።

«እታለም፣ አሁን ስክሪንሽ ላይ ምን ይታያል?»

«ካርታው።»

«ነጥብ አለበት?»

«አለ። የእሱም አለ፤ ታርጋው ተጽፎበታል።»

ስለዚህ ወንድሜ ያለበትን ቦታ በዓለም ላይ የያዘ ነገር ቢኖር ያቺ የተከፈተች ገጽ ብቻ ናት። ይህን እያሰብኩ ሳለ እሷ ፋታ አልሰጠችኝም።

«በል እንግዲህ፣ ያበላሸሁትን ላስተካክል» አለችኝ። «አሁን ልክ እንደ ቃልህ አነሳዋለሁ።»

«አንሳ»ን ከነካች አዲስ ኮንቴነር ይነሳል፣ ባዶ ኮንቴነር። ገጹ በየጥቂት ሰከንዱ «ነጥብ አለ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። እስካሁን የሚመልስለት ስለሌለ ዝም ብሎ ቆሟል። ባዶው ኮንቴነር ከተነሳ ግን «ምንም የለም» ብሎ ይመልስለታል፣ ገጹም አምኖ ነጥቦቹን ያጠፋል።

«እንዳታነሺው» አልኳት። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣም። ሁለተኛ ስል ስልኩ መቆራረጥ ጀመረ፣ ሦስተኛው ላይ ጠፋ።

የአማርኛን ክልከላ አስቡት። «አይሆንም» የሚለው ክፍል ከቃሉ ፊት ነው ያለው። «እንዳታነሺው» ከሚለው ውስጥ ኔትወርኩ መጀመሪያውን ከበላው የሚቀረው «ነሺው» ነው። ደጋግሜ ስደውል ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር። በቀረጻ የምትናገረዋ ሴት ስልኩ እንደማይገኝ በእርጋታ ትነግረኛለች። እዘጋለሁ፣ እደውላለሁ፣ ትነግረኛለች። ኔትወርክ ይሻላል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። በሩ ፊት ኮንቴነር የጫነ ተሳቢ ቆሟል።

ስልኩ ጠራ። እሷ መስላኝ ሳየው እናታችን ናት። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ትደውላለች፣ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለወንድሜ። የእሱ እምቢ ሲላት መልሳ ለእኔ ትደውላለች። በእጄ ላይ እየጠራ አየሁት። አላነሳሁትም። መጥራቱን እስኪጨርስ ድረስ መስመሩን ይዛብኛለች ብዬ እናቴ ላይ ተናደድኩ።

ከዚያ የማላውቀው ቁጥር መጣ።

«በዘበኛው ስልክ ነው» አለች የስምሪት ሠራተኛዋ። «የኔ ኔትወርክ አልይዝ አለኝ።»

«ነካሽው?»

«ምኑን?»

«አንሳን።»

«አልነካሁም።»

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ለምን አልነካሽም ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ነገረችኝ።

«የሰማሁት 'ነሺው' የሚል ነው። ቅድም ቃልህን በራሴ ተርጉሜ ያደረግኩትን አደረግኩ። አሁንማ ሳልጠይቅ ጣቴን አላሳርፍም ብዬ እጆቼን ጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀምጫለሁ። ይህ ሰውዬ ቆሞ ያየኛል፤ ያበድኩ መስሎታል።»

ከኋላዋ የዘበኛው ድምፅ በአፋርኛ የሆነ ነገር አለ፣ እሷም «እሱንማ ራስህ ንገረው» አለችው። ምን እንዳለ አላውቅም።

«ጎበዝ» አልኳት። «አሁን ስሚኝ። ላፕቶፑን እንዳትነኪው። ስልክሽን አውጪና አንሺው።»

ወንበሯ ሲጮህ ሰማሁ።

«እታለም?»

«ምኑን ነው የማነሳው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደሚያለቅስ ሰው ነበር። «እባክህ ወንድምዬ፣ አስረዳኝ። የቱን ማንሳት?»

«ፎቶ። ስክሪኑን ፎቶ አንሺው።»

«እንደሱ አትልም?» አለችኝና ስታነሳ ሰማሁ። ደጋግማ አነሳችው። እኔ ሳልነግራት አጉልታም አነሳች፤ ታርጋው ቁልጭ ብሎ ይታያል አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ የሰማሁት ነው። ፎቶው ለእኔ አልተላከም፣ ኢንተርኔቱ አልገፋ አለ። ለዘበኛው አሳየችው። ካርታው በዚያ አካባቢ ባዶ ነው፣ መንደርም መንገድም አልተጻፈበትም፤ አንድ የደረቀ ወንዝ ብቻ እንደ ክር ይታጠፋል። ዘበኛው ስልኩን ዞር ዞር አድርጎ አየና መታጠፊያውን አወቀው። ነጥቡ ከወንዙ ማዶ ነው። ሾፌሮቹ ከሚሄዱበት መንገድ ወዲያ። መካኒኩ ሰው በጠፋ ጊዜ ሁልጊዜ የሚፈልገው ከወንዙ ወዲህ እንደሆነ፣ ያን ዕለትም ወደዚያው ሊሄድ ቁልፍ ይዞ ቆሞ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ፒካፑ ላይ ውሃ ጫኑ፤ ዘበኛውና መካኒኩ ሄዱ። እሷ ስልኮቹ ጋር ቀረች።

እኔም ክፍሌ ውስጥ ቀረሁ። አሁን አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ። ነጥቡ ሰዓት የለውም። ገጹን ስሠራ ከታርጋው በታች ሰዓቱን ልጽፍ አስቤ ያጣበበዋል ብዬ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ያ ነጥብ መብራቱ ከመሄዱ በፊት የመጣ መሆኑን እንጂ በስንት ሰዓት እንደመጣ አላውቅም። ሲሄድ ነው? ሲመለስ ነው? ቦቴው ከዚያ በኋላ ብዙ ተጉዞ ከሆነስ? የላክኳቸው ወንድሜ ወዳለበት ይሁን ወደነበረበት አላውቅም ነበር።

ዘበኛው ቢሰማኝ ይቆጣል፤ አንድ ሰው ሳልቆጥር አልፌያለሁ። የተሳቢው ሾፌር። ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ሰጥቶኝ ነበርና ገባ። ሥራ ይዤ ልቆይ ብዬ ስልኩን ፈታሁት። ብሎኖቹን ሁልጊዜ በወጡበት ቅደም ተከተል ነው የምደረድረው። ያን ቀን አንዱ ወደቀ፣ ፍለጋ ስጎነበስ ሌሎቹን በክርኔ በተንኳቸው።

«ብሎኑ ከእጅህ እየወደቀ ነው» አለኝ።

«ሙቀቱ ነው።»

«እኔ ከጅቡቲ ነው የመጣሁት፤ ስለ ሙቀት ለእኔ አትንገረኝ። ይልቅ ተወውና ውሃ ጠጣ። ስልኩ የባለቤቴ ነው፤ ባይሠራ የሚደሰትም አለ» ብሎ የራሱን ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን እንጃ። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፣ ግን ስልኩ ሳይሠራም ክፍሉ ውስጥ ቆየ።

ጥላው ወደ ሐዲዱ ሲረዝም መካኒኩ ደወለ። በንፋስ ውስጥ ነው የሚናገረው፤ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ላይ መውጣቱን ነገረኝ።

«ኢንጂነር» አለኝ። ሁልጊዜ ለቀልድ ነው እንዲህ የሚለኝ። «መኪናውን አግኝተነዋል። ነጥቡ ካለበት ብዙ አይርቅም። ፍሪሲዮኑ ነው የተቃጠለው፤ ሽታው አሁንም አለ።»

«እሱስ?» አልኩት።

«ወንድምህ ግን እዚህ የለም።»

«ጋቢናው ውስጥስ?»

«የለም አልኩህ። በሩ ክፍት ነው። ሥሩም አይቻለሁ።»

«ጀሪካኑ አለ?»

«አለ።»

«ውሃ አለው?»

«ባዶ ነው» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ወንበር ላይ አይደለም፣ ወለሉ ላይ። ስልኩን አልዘጋሁትም። መካኒኩም አልዘጋውም። ንፋሱን እየሰማሁ ገዋኔ ላይ ያየኋቸውን ዓይኖች አየሁ። ወንድሜ ሁልጊዜ የሚለኝ «መኪና ከቆመብህ ከመኪናው አትራቅ» ነው። እሱ ከመኪናው ከራቀ፣ ወይ ሌላ አማራጭ አጥቶ ነው፣ ወይም የሚያደርገውን የማያውቅ ሆኖ ነው።

«ሰውዬው የት ሄደ?» አልኩት፤ ዘበኛውን ማለቴ ነው።

«እሱን ተወው» አለኝ መካኒኩ። ድምፁ ቁጣ ነበረበት። «አንድ ግመል የሚነዳ ሰው አገኘና ቁጭ አለ። እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ፣ እሱ ተቀምጦ የግመሎቹን ጤና ይጠይቃል። ተነስ እንሂድ ብለው በእጁ 'ቁጭ በል' አለኝ። ለእኔ፣ ቁጭ በል።»

«አትናገረው» አልኩት። «ጨረስኩ እስኪልህ ተወው።» ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሰመራ በር ላይ ከነሰላምታው ሁሉን ካልጨረስኩ እንደማያስገባኝ ትዝ ብሎኝ ይሆናል።

ስልኩ ተቋረጠ። ከዚህ በኋላ ያለውን መካኒኩ ነው የነገረኝ። ሁለቱ ሰዎች ተጨዋወቱ፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ አንድ ጋብቻ፣ ስለ ታመመች ግመል። በመሀሉ፣ ልክ እንደሌላው ሁሉ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ግመል ነጂው ጠዋት ውሃ ስላራገፈ ሾፌር ተናገረ። ራሱ አላየውም፤ ያየው የእህቱ ባል ነው። ሾፌሩ ፀሐይ ላይ እየተንገዳገደ ሲሄድ ሴቶች አግኝተውት ወደ ሰፈራቸው ወስደውታል። ሰፈሩ እዚያው ከወንዙ ማዶ፣ ከዛፎቹ በስተጀርባ ነው። ዘበኛው አመስግኖ ተነሳ፤ ከዚያ ለመካኒኩ «አሁን እንሂድ» አለው። መካኒኩ ሲነግረኝ፣ «እንደዚያ ያለ ረጅም ሰላምታ በሕይወቴ አልሰማሁም፤ መጨረሻው ባያምር ኖሮ ጥዬው ነበር የምመለሰው» አለኝ።

እኔ ያየሁት ሌላ ጥሪ ነው፤ በመካኒኩ ቁጥር የመጣ። ሳነሳው መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«እማዬ ደውላለች?» አለኝ ወንድሜ። ድምፁ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር።

«ደውላለች።»

«ምን አልካት?»

«አላነሳሁትም።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። «ጎሽ» አለኝ። «አሁን ደውልላት። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው በላት፤ ስለ እኔ ምንም አትበል።»

የተሳቢው ሾፌር ሰምቶ ኖሮ ስልኩን ሳይጠገን ኪሱ ውስጥ ከተተና ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። እኔ ለእናቴ ደወልኩ። ምን ሆነሃል፣ ድምፅህ ጥሩ አይደለም አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

በወሩ መጨረሻ ዲስኩን ይዤ ሰመራ ሄድኩ። ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ፣ ሁሉን ነገርኩት፣ ገዋኔ ላይ ያገኘኋቸውን ሰዎችም አልረሳሁም። መረጃው አሁን ከኮንቴነሩ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ይህን ለስምሪት ሠራተኛዋ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝና፣ «ሲነሳ ዕቃው አብሮ የሚጠፋ ኮንቴነር ሠርተህ ነው ያን ሁሉ ያስጨነቅከኝ?» አለችኝ። «እኛ ግቢ ብትሆን አንድ ቀን አትውልም ነበር።» የቁልፎቹን ስም ራሷ እንድታወጣ ጠየቅኳት። ብዙም አላሰበችም። «ክፈት» እና «ዝጋ» አለች። «ሲከፈት ሥራ አለ፣ ሲዘጋ የለም። ይሄ ለእኔም ለአንተም አንድ ነው።» እንደዚያው አደረግኩት። ከነጥቡ ሥር ሰዓቱንም ጻፍኩ።

ፍርሃቱ ግን አልተዘጋም። አሁንም ከምሳ በኋላ ስልኬ ሲጠራ፣ ስሟን ሳየው፣ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱና ስለማላገባበት ምክንያት እስክትጠይቀኝ ድረስ አልተነፍስም።

ያየሁት አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክና አንድ ደግ የተሳቢ ሾፌር ብቻ ነው። ሌላውን የሰማሁት ነው። እንግዲህ ጨምሩበት። እታለም፣ ስልኩ ከተቋረጠ እስከ ዘበኛው ስልክ ድረስ እጆችሽን ጭኖችሽ ሥር አድርገሽ ምን ስትይ እንደነበር አልነገርሽኝም። መካኒኩ፣ የጋቢናውን በር ክፍት ስታገኘው መጀመሪያ ያየኸውን ከእኔ ደብቀሃል፤ ድምፅህ ላይ አውቄዋለሁ። ዘበኛው አባቴ፣ ግመል ነጂው ያለህን አሳጥረህ ነው የነገርከን፤ ጊዜ አለኝ፣ ሙሉውን ንገረኝ፤ እሷ ላፕቶፕዋ ፊት ስትቀመጥ በአፋርኛ ያልከውንም ጨምርበት። አንተም ወንድሜ፣ ከመኪናው ወርደህ እስከዚያ ሰፈር ድረስ ያለውን «አላስታውስም» ትለኛለህ። ይሁን። ግን ውሃ የሰጡህ ሴቶች እነማን ነበሩ? ስንት ነበሩ? ከእነሱ ማን ቀድሞ አየህ? ከዚያ ጀምርልኝ።